ምስክር ስለሌለው ሥራ

ሰው ከሚሠራው ሥራ አንዳንዱ በተሠራ ጊዜ ይታያል፤ አንዳንዱ ግን የሚታየው ሳይሠራ የቀረ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ግንበኛ ግድግዳ ሲያቆም መንገደኛው ቆም ብሎ «ይህ የማን ቤት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ገበሬ ሲያርስ ትልሙ ይታያል፤ ሲያጭድም ነዶው ይቆጠርለታል። ዳሩ ግን ክረምት ሳይገባ የጣራውን ቀዳዳ የደፈነውን ሰው ማን ያየዋል? ዝናቡ ዘንቦ ያባራል፤ የቤቱ ሰዎችም በደረቅ መኝታ ላይ ያድራሉ፤ ጧት ሲነሡ ግን «ሌሊቱን ሳንርስ አድረናልና እገሌ ይመስገን» የሚል ከመካከላቸው አንድ እንኳ አይገኝም።

ለብዙ ዘመን በመምህርነት ስኖር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አቀርበው የነበረ አንድ ጥያቄ አለ። በጎ ቢሠራ የማይታወቅለት፣ ቢያጓድልም ለጊዜው የማይታወቅበት ሰው፣ ሥራውን አሟልቶ እንዲሠራ የሚያስገድደው ምንድን ነው? ተማሪዎቼ አብዛኛውን ጊዜ «ሕሊናው ነው» ብለው ይመልሱልኝ ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አጭር ነው። ሕሊና በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ሥራ ላይ፣ ምን እንደሚጠይቅ ካልታየ በቀር ቃሉ ጥሩ ቃል ሆኖ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄውን በአንድ በታወቀ የሥራ ዐይነት ላይ አድርጌ ልመረምረው አስባለሁ። የመረጥሁትም ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኘውን የኮምፒዩተር ሥርዐት አስተዳዳሪ፣ በተለምዶ «የአይቲው ልጅ» የሚባለውን ሰው ሥራ ነው። አጠራሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሒሳብ ሹሙን «አቶ እገሌ»፣ ጸሐፊዋን «ወይዘሮ እገሊት» ብሎ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ይህን ሰው «ልጁ» ይለዋል፤ ዕድሜው አርባ ቢሞላም እንኳ።

ይህ ሰው ምን ይሠራል? ሠራተኞቹ በየጠረጴዛቸው ላይ የሚያዩት ኮምፒዩተር በአብዛኛው ደጃፍ ብቻ ነው። ደመወዙ፣ የደንበኛው ሒሳብ፣ የሕመምተኛው ካርድ፣ የተጻፈውና የመጣው ደብዳቤ የሚቀመጠው በሌላ ክፍል ባለ ሰርቨር በሚባል ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሰርቨር ማለት ሌሎቹን ኮምፒዩተሮች የሚያገለግል፣ እንደ ግምጃ ቤት ያለ ማለት ነው። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዘው አስተዳዳሪው ነው፤ ከሥራውም ሁሉ አስቸጋሪው በሰርቨሩና በሠራተኞቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለውን ሶፍትዌር በየጊዜው ማደስ ነው።

«ያልተበላሸውን ለምን ያድሰዋል?» የሚል ይኖራል። ሶፍትዌር እንደ ብረት አይዝግም፤ እንደ ጨርቅም አይነትብም። ነገር ግን ሰው የጻፈው ነገር ስለ ሆነ ስሕተት አይታጣበትም፤ ስሕተቱም ለሌባ እንደ ተከፈተ መስኮት ይሆነዋል። የማይክሮሶፍት ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ የስሕተቶቹን ማስተካከያ ያወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማስተካከያው በወጣበት ቀን መስኮቱ የት እንዳለ ሌባውም ይማራል። ከዚያ ቀን በፊት አስተዳዳሪው መስኮቱን ባይዘጋ «አላወቀም» ይባላል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እያንዳንዱ ያለፈ ቀን በእርሱ ዕዳ ላይ ይጻፋል። የቆየ ሶፍትዌር ደግሞ ጨርሶ ማስተካከያ የማይወጣለት ጊዜ ይመጣል፤ ለምሳሌ ያህል የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

መዘግየት የሚያስከትለውን ጥፋት ዓለም እ.ኤ.አ. በ2017 አይቶታል። በዚያ ዓመት በማርች 14 ቀን ማይክሮሶፍት አንድ ማስተካከያ አወጣ። በሜይ 12 ቀን፣ ማለት ሁለት ወር ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ «ዋናክራይ» የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ በየኮምፒዩተሩም ላይ ባለቤቱ 300 ዶላር በቢትኮይን እንዲከፍል የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። በእንግሊዝ አገር ከ236ቱ የሕዝብ ጤና ተቋሞች ሲሶ ያህሉ ታወኩ። 6,912 የሕክምና ቀጠሮዎች መሰረዛቸው ተመዘገበ፤ ጠቅላላው ግን ከ19,000 እንደሚበልጥ ተገመተ። በአምስት አካባቢዎችም ድንገተኛ ሕመምተኞች ራቅ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ግድ ሆነባቸው። ቀዳዳውን የሚደፍነው ጭቃ ግን ከሁለት ወር ገደማ በፊት ተቦክቶ በደጃቸው ተቀምጦ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የሚሠራውን ነገር መንካት ራሱ አደጋ አለው። በአገራችን መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን የማያስታውስ ወጣት ያለ አይመስለኝም። በጥገናና በፍተሻ ሥራ ጊዜ በተፈጠረ እክል ምክንያት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ። ገንዘቡ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ ከዚህም የሚበዛው በኋላ ተመልሷል። በዚያ ሌሊት በገንዘብ መክፈያው ማሽን ፊት ስለ ተሰለፉት ተማሪዎች ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተቀልዷል። እኔ ግን የማስበው ያን ጊዜ በሥርዐቱ ላይ ይሠራ ስለ ነበረው ሰው ነው። እጁን ያነሣው ለማጥፋት ሳይሆን ለመጠገን ነበር።

እንግዲህ አስተዳዳሪው በሁለት ነገር መካከል ቆሟል። ቢነካ ሊያበላሽ ይችላል፤ ባይነካም ይበላሽ ይሆናል። ሁለቱ ጥፋቶች ግን በሰው ፊት እኩል አይመዘኑም። ነክቶ ያበላሸ እንደ ሆነ «ደኅና የነበረውን ምን ነካካኸው?» ተብሎ በስሙ ይጠራል። ሳይነካው ቀርቶ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ሌባው ይረገማል፤ ማሽኑ ይረገማል፤ ዕድል ይረገማል፤ እርሱ ከተጎጂዎቹ ጋራ ተቀምጦ አብሮ ያዝናል። ስለዚህ ፈሪ ሰው ሁልጊዜ አለመንካትን ይመርጣል፤ ፍርሃቱንም «ጥንቃቄ» ብሎ ይሰይመዋል። ማጥፋትና ጥፋት ሲመጣ እያዩ መተው በሕግ ፊት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ዕውቀቱና ሥልጣኑ ለተሰጠው ሰው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በጣም ያጠረ ነው፤ ቁልፉን የያዘው እርሱ ብቻ ነውና። መንገደኛ የተከፈተ መስኮት አይቶ ቢያልፍ ይህን ያህል አያስወቅሰውም፤ ዘበኛው አይቶ ቢያልፍ ግን ምን እንላለን?

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በዚህ ሥራ ላይ ይገኛል። የእርሱንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም። ስለ ሥራው ደጋግሜ ስጠይቀው «ጋሼ፣ በቃል ከምነግርዎ ቅዳሜ ማታ መጥተው ይዩት» አለኝ፤ አለቃውንም አስፈቅዶልኝ ሄድሁ። ቅዳሜ ማታ መሆኑ፣ ሰው በሥራ ላይ እያለ ሰርቨሩን ማጥፋት ስለማይቻል ነው። የእርሱ ሥራ የሚጀመረው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው።

ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ማቀዝቀዣውም ያለ ዕረፍት ስለሚነፍስ ጋቢዬን ለብሼ በመሄዴ ደስ አለኝ። የማሽኖቹ ማራገቢያ ድምፅ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። በሰው ቁመት ልክ በቆመ የብረት መደርደሪያ ላይ ሰርቨሮቹ ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው በሚወጣው ኬብል ሁሉ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ተጽፎበታል። ይህን ማን እንዳዘዘው ጠየቅሁት። ማንም አላዘዘውም። ሥራውን ሲረከብ ኬብሉ እንደ ተወሳሰበ ልቃቂት ሆኖ ስላገኘው፣ ከምሳ ሰዓቱ እየቀነሰ በሦስት ወር ውስጥ አንድ በአንድ ለይቶ ጻፈበት። «ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዳይቸገር ብዬ ነው» አለኝ።

በዚያች ሌሊት የሚያድሰው የዳታቤዙን ሶፍትዌር፣ ይኸውም የመሥሪያ ቤቱ ደመወዝና ሒሳብ የሚቀመጥበትን ነበር። በጠረጴዛው ላይ የሚሠራው ሁሉ በተራ የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ከታችም በቀይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካላለቀ መመለስ» ይላል። በመጀመሪያ የመረጃውን ሁሉ መጠባበቂያ ቅጂ ወሰደ። ማሽኑም «ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍ አሳየ። እኔ አሁን ዋናው ሥራ ይጀመራል ብዬ ስጠብቅ፣ እርሱ ቅጂውን ወደ ሌላ ሥራ ፈት ኮምፒዩተር ወስዶ እንደ ገና ይዘረጋው ጀመር፤ ከዚያም የልዩ ልዩ ወሮችን የደመወዝ ድምር ከዋናው ጋራ እያስተያየ ተመለከተ። ይህ ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ።

«ማሽኑ ራሱ ተፈጽሟል ብሎህ የለምን?» አልሁት።

«ማሽኑ የሚያውቀው መገልበጡን ነው እንጂ መመለሱን አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ።

የዚህን አነጋገር ክብደት የተረዳሁት በጊትላብ ኩባንያ ላይ የደረሰውን ሲነግረኝ ነው፤ በኋላም ኩባንያው ራሱ ያወጣውን ጽሑፍ ፈልጌ አነበብሁት። ጊትላብ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ ሠራተኛ እክል ለማስወገድ ሲጣጣር፣ ሁለት ሰርቨሮች ተምታተውበት በዋናው ላይ የመደምሰስ ትእዛዝ ሰጠ። ስሕተቱን ዐውቆ ለማስቆም የፈጀበት አንድ ሁለት ሰከንድ ነበር፤ ከ300 ጊጋባይት ያህል መረጃ ግን የቀረው 4.5 ብቻ ሆነ። ይህስ በማንም በደከመ ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል ነው። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ የታየው ነው። ኩባንያው አምስት ዐይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ ከአምስቱ ግን አንዱም በሚገባ የሚሠራ ሆኖ አልተገኘም። በየቀኑ ይገለበጣል የተባለው ቅጂ፣ የሚገለብጠው መሣሪያ ከዳታቤዙ ያነሰ አሮጌ ዕትም ስለ ነበረ ሥራውን ትቶ ነበር። መተዉን የሚገልጸው የኢሜይል ማስጠንቀቂያም ተቀባይነት አጥቶ በመንገድ ቀርቷልና ያየው ሰው የለም። ያዳናቸው ያው ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። በመካከሉ ያለው የስድስት ሰዓት መረጃ ጠፍቶ ቀረ።

እስቲ አስቡት። በዚያ ቤት «መጠባበቂያ አለን» ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን የሚል ሰው ሁሉ በቅን ልብ ነው የሚለው። ታዲያ ሳይመረምሩ «አለ» ማለት ውሸት ነው ወይስ አይደለም? እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር ውሸት ማለት እውነቱን እያወቁ ሌላ መናገር ነው ተብሎ ተምሬአለሁ። ትርጓሜው ለሕፃን ይበቃል። ኃላፊነት ለተሸከመ ሰው ግን የሚበቃ አይመስለኝም። ሊያጣራው የሚችለውንና ሊያጣራው የሚገባውን ሳያጣራ «አረጋግጫለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው፣ ነገሩ እንዳለው ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ስለ ገዛ ሥራው ሐሰት ተናግሯል። እርሱ የተናገረው ስለ ቅጂው ብቻ አይደለም፤ «እኔ አይቻለሁ» ብሎም ነው። አላየም። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ነገ በሥራ ዓለም ስትገባ ከሚቀርቡልህ ወረቀቶች ብዙዎቹ ይህን ዐይነት ፊርማ የሚጠይቁ ናቸው፤ ሳታይ ብትፈርምም ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ምንም አያመጣብህም። ሰውን የሚያስተውም ይህ ዘጠና ዘጠኝ ነው።

ለዚያ ኩባንያ ግን የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም። የሆነውን ሁሉ፣ የራሱን ጉድለት ሳይሸሽግ፣ በዚያው ሰዓት ለዓለም በግልጽ ጻፈ።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ እድሳቱ ተጀመረ። በመካከሉ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ማሽኖቹን ያዘ፤ ጄኔሬተሩም ወዲያው ተነሣ። ልጁ ቀና ብሎም አላየ፤ ሐሙስ ዕለት ራሱ ወርዶ ናፍጣውን አይቶት ነበርና። እድሳቱ አልቆ ሰርቨሩ እንደ ገና ሲነሣ ግን የደመወዙ ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋራ አልገናኝ አለ። ምክንያቱን ይፈልግ ጀመር። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፊቱ በራና «አገኘሁት መሰለኝ» አለ። ስምንት ሰዓት ሲሞላ ግን ገና ነበር። ወረቀቱን አየ፤ ጥቂት ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ የደከመበትን ወደ ነበረበት ይመልሰው ጀመር።

«ሃያ ደቂቃ ብትጨምርበት ምናልባት ይሳካልህ አልነበረምን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይሳካ ይሆናል» አለ። «ነገር ግን ሰዓቱን የቈረጥሁት ረቡዕ ዕለት ነው። ረቡዕ ዕለት አልደከመኝም ነበር።»

እኔ ስለ ራስ መግዛት ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ በክፍልም ውስጥ ብዙ ተናግሬአለሁ። ነገሩን እንደዚህ አድርጎ በአጭሩ ያስረዳኝ ሰው ግን አላስታውስም። ሰው ሲደክመውና ሥራው ሊያልቅ ሲቀርብ የገዛ ፍርዱን ማመን የለበትም፤ ልቡ በጠራ ጊዜ ያወጣውን ሕግ በደከመ ጊዜ ሊታዘዝ ይገባዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብዙ ሰው ወደ ፊት መሄድን ብቻ ጀግንነት ያደርገዋል። ከግቡ በር ላይ ደርሶ መመለስ፣ ያውም የሚያመሰግን በሌለበትና ሰኞ ጧት «ምን ሠራህ?» ቢባል «ምንም» ብሎ ለመመለስ፣ ለእኔ ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም።

ሊነጋጋ ሲል አሮጌው ሥርዐት ሥራውን ቀጠለ። በመዝገቡም ላይ «አልተሳካም፤ ተመልሷል» ብሎ ከነሰዓቱና ከነተጠረጠረው ምክንያት ጻፈ። በሳምንቱ ውስጥ መርምሮ ደመወዙን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው ትንሽ ፕሮግራም አስቀድሞ መታደስ ያለበት መሆኑን አገኘ፤ በተከታዩ ቅዳሜም ሁሉን በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሰ። ሰኞ ጧት ሠራተኞቹ መጥተው ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው ሥራቸውን ጀመሩ። አንዲት ገንዘብ ያዥ ብቻ ደውላ «ፊደሉን ለምን አቀጠናችሁብኝ?» ብላ አቤቱታ አሰማች። ስለዚያ እድሳት ከመሥሪያ ቤቱ የተሰማው ድምፅ ይህ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ጋሼ» አለኝ በሌላ ቀን። «ይህን ሁሉ ትቼ ሰርቨሩ በሥራ ቀን ቢወድቅ፣ እኔም ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ በሁለት ሰዓት ባነሣው፣ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍልኝ ነበር።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

ነገሩም የሚያስቅ አይደለም። እሳት ያጠፋ ሰው ይሸለማል፤ እሳት እንዳይነሣ ያደረገው ግን ምን አደረገ ተብሎ ይሸለማል? ያልተነሣ እሳት አይቆጠርም። በተማርሁበት ትምህርት ቤት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። በየሌሊቱ ፋኖስ ይዘው ግቢውን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ የመጋዘኑንም ቁልፍ በእጃቸው ነክተው ያያሉ። እኛ ተማሪዎች «በዚህ ግቢ ሌባ ገብቶ አያውቅም፤ ታዲያ እኒህ ሰው ደመወዝ የሚበሉት በምን ሥራቸው ነው?» እያልን እንከራከር ነበር። ከመካከላችን አንድ ዝምተኛ ልጅ «ሌባ ያልገባው እርሳቸው ስላሉ እንደ ሆነ በምን እናውቃለን? እርሳቸውን አስወጥተን ካላየን በቀር» አለ። ክርክሩም በዚሁ ቆመ። የመከላከል ሥራ ዕጣው ይህ ነው፤ ጥቅሙን የሚያስረዳው ማስረጃ የሚገኘው ሥራው የተተወ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በዓለም ደረጃ የታየውም ከዚህ የተለየ አይደለም። የቀድሞ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቦታ ለመቈጠብ ሲሉ ዓመተ ምሕረቱን በሁለት አኃዝ ብቻ ይጽፉ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. 1999 አልፎ 2000 ሲገባ ኮምፒዩተሮች ዘመኑን 1900 አድርገው እንዳይቆጥሩት ተሰጋ። በእኛ አቆጣጠር ገና 1992 ነበርና ዘመን የተለወጠው ለሌላው ነው ብለን ልንስቅ እንችል ይሆናል፤ ማሽኖቹ ግን የሚቆጥሩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር። በብዙ አገሮች እጅግ ብዙ ሰዎች ለዓመታት ተቀምጠው የቆየውን ጽሑፍ መስመር በመስመር እየመረመሩ አስተካከሉት፤ ብዙ ቢሊዮን ዶላርም ወጣበት። ሌሊቱም ከጥቃቅን ስሕተቶች በቀር በሰላም አለፈ። በማግሥቱ የተሰማው ግን «ይህ ሁሉ ወጪ ለምን ነበር? የፈራነው ነገር መቼ ደረሰ?» የሚል ነበር፤ ዛሬም ሁሉን እንደ ከንቱ ሽብር አድርገው የሚያወሩት አሉ። ከወጣው ገንዘብ ያለ አግባብ የባከነ አልነበረም አልልም። ነገር ግን አለመድረሱን ብቻ አይቶ ሥራውን ከንቱ ማለት፣ በደረቅ መኝታ ላይ አድሮ ጣራ መክደንን እንደ መንቀፍ ነው።

አሁን ወደ ሕሊና ልመለስ። ሕሊና ባይኖር ኖሮ ያ ልጅ ቅጂውን ባልዘረጋ፣ በስምንት ሰዓትም ባልተመለሰ ነበር፤ ይህ ግልጽ ነው። ሌላም ነገር አለ። እርሱ ቢፈልግ የሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ ማንበብ፣ የእያንዳንዱን ሰው ደመወዝ ማየት ይችላል፤ እንዳላየም የእኛ ማስረጃ የእርሱ ጨዋነት ብቻ ነው። ዳሩ ግን «ሕሊናው ይበቃዋል» የሚለውን አነጋገር ከአለቆች አፍ ስሰማው ደስ አይለኝም። የአንዱን ሕሊና አመስግኖ እርዳታ መከልከል ለሚከለክለው ሰው በጣም ይመቸዋል። በአሜሪካ ኤክዊፋክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የግል መረጃ ለሌቦች አሳልፎ የሰጠው በማርች ወር ማስተካከያ የወጣለትን ቀዳዳ ሳይደፍን በመቅረቱ ነው። በኦክቶበር ወር የኩባንያው የቀድሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ በአገሪቱ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ሲጠየቁ፣ አንድ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያውን ለሚመለከታቸው ሳያስተላልፍ መቅረቱን ተናገሩ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ዘገባ ግን ጥፋቱ ፈጽሞ ሊከለከል የሚችል እንደ ነበረ ገለጸ። የአንድ ሰው መርሳት ያን ያህል ሕዝብ የሚጎዳ ከሆነ፣ ሁሉን ነገር በዚያ በአንድ ሰው ላይ አንጠልጥሎ የተወው ማን ነው? ደኅና በሆነ ጊዜ ያ ሰው ስም አልነበረውም፤ የተፈለገው ወቀሳ የሚወድቅበት ትከሻ በጠፋ ጊዜ ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ አለቃ የምትሆኑ አላችሁ። ስለዚህ የምላችሁ ይህ ነው፤ ያልተበላሸውን ነገር መጠየቅ ልመዱ። «ቅጂው መቼ ተዘርግቶ ታየ? ማን አየው? አንተ ብትታመም ማን ይተካሃል?» ብሎ መጠየቅ የኮምፒዩተር ዕውቀት አይፈልግም። ጠያቂ ያለው ሠራተኛ ቢያንስ ብቻውን አይደለም።

ተማሪዬ አንድ ረዳት እንዲቀጠርለት በጽሑፍ ጠይቆ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለምና። የተሰጠውን መልስ አሳይቶኛል። ከፊርማና ከማኅተም ጋራ «እስካሁን የተበላሸ ነገር ባለመኖሩ ጥያቄው ለጊዜው አልታመነበትም» ይላል። እርሱም ማታ ማታ ቤቱ ተቀምጦ የሥራውን ተራ፣ የእያንዳንዱን ሰርቨር ጠባይና የኬብሎቹን መሄጃ የሚያሳይ መምሪያ እየጻፈ ነው። ባለፈው ሳምንት ሲያመጣልኝ 60 ገጽ ደርሶ ነበር፤ አማርኛውን እንዳርምለት ሰጥቶኛል።